ስንዝር ከፍ አድርገህ አነጣጥር

ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ባለው ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ፤ የበኩር ልጃቸው ሰውአገኘሁ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሲለምናቸው።

የሺመቤት፦ አልመርቅም አልኩህ! ስንት ጊዜ ልበል? ምርቃት እንደ ጠላ ለመጣው ሁሉ የሚቀዳ መሰለህ?

ሰውአገኘሁ፦ እምዬ፣ እሑድ መጥተሽ የልጄን የእናትነሽን ትከሻ ነካ አድርገሽ «ይቅናሽ» ብትያት ምን ይጎድልብሻል? አንዲት ቃል እኮ ናት።

የሺመቤት፦ አንዲት ቃል! «እሺ» ማለትም አንዲት ቃል ናት፤ እኔን ግን አርባ አንድ ዓመት አስቀምጣኛለች።

ሰውአገኘሁ፦ የዘራችን ወግ ነው። የቤቱ ትልቅ ሳይመርቅ የመጀመሪያ ጥይት አይተኮስም። አባቴን አያቴ መረቀው፤ እኔን አባቴ መረቀኝ። አሁን አባቴ የለም፤ የቤቱ ትልቅ አንቺ ነሽ።

የሺመቤት፦ ጎሽ! በሬ ሲታረድ ትልቅነቴ ትዝ አይልህም፤ ጠመንጃ ሲነሣ «የቤቱ ትልቅ» ሆንኩ።

ሰውአገኘሁ፦ በፋሲካ ምላሱን ለማን ሰጠሁ?

የሺመቤት፦ የኔው ምላስ እንዲያርፍልህ ነዋ!

ሰውአገኘሁ፦ እሱስ አላረፈም።

የሺመቤት፦ አያርፍማ! አንዲት ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ፣ ፈተና መጠበቁ ከእንቅልፍ የለያት ልጅ፣ እሱ ሲያንሳት በላዩ ጥይት ልታስጨብጣት። እናትነሽ ምን አደረገችህ?

ሰውአገኘሁ፦ ራሷ ናት የለመነችኝ። ቀለሃ ስወለውል አጠገቤ ትቀመጣለች፤ እርሳሱን ሳቀልጥ ትጠይቀኛለች፤ ባሩዱን ስሰፍር ትንፋሿን ይዛ ታያለች። «አባዬ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ሾላው ሥር ለዒላማ የሚንጠለጠለውን ቅል እኔ ልምታው» አለችኝ። በኩሬ ናት፤ ጠመንጃ በእኛ ቤት የበኩር ነው። እኔም ስጠብቃት ነበር።

የሺመቤት፦ ያ ውጅግራ ጠመንጃ እኮ ከእኔ ይበልጣል በዕድሜ! እኔ ስነሣ ጉልበቴ ቀጭ ይላል፤ እሱ ቀጭ ያለ ቀን ግን አገር ነው የሚሰማው።

ሰውአገኘሁ፦ ያረጀ ሁሉ የሚያስፈራ ከሆነ አንቺንም ጨርቅ ጠቅልለን ሣጥን ውስጥ እናኑርሽ።

የሺመቤት፦ ብታደርገው ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ይህን ጉድ አላይም። ትከሻዋን ይነቅለዋል። ጆሮዋን ይደፍነዋል። ዓይኗስ? ነገ በዓይኗ ተምራ ሐኪም የምትሆን ልጅ!

ሰውአገኘሁ፦ ሐኪም ዒላማ መምታት አይከለከልም።

የሺመቤት፦ ደግሞ አንተን ማን አስተማሪ አደረገህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ቅሉ ላይ አንድ ጭረት አላወጣህም። ያ ቢያድግልኝ የሚባለው ጎረቤትህ ምን እንደሚል ያልሰማሁ መሰለህ?

ሰውአገኘሁ፦ ምን አለ?

የሺመቤት፦ «ሰውአገኘሁ ሲተኩስ ለነፍሱ የሚሳሳ ሰው ቅሉ ሥር ይቀመጥ» አለ። ሴቶቹ ሁሉ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ሰውአገኘሁ፦ አንቺም?

የሺመቤት፦ ሳቁ ሳያስበው የሚያመልጠው ሰው የለም? ከሣቅሁ በኋላ አዝኛለሁ።

ሰውአገኘሁ፦ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። የተኳሹ የአየነው ልጅ ዒላማ ሳተ። እንዲህ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ልቀመጥ?

የሺመቤት፦ ተቀመጥ። ሰፌዱን እንዳትደፋብኝ ብቻ።

ሰውአገኘሁ፦ አባቴ በሕይወት እያለ መቼ ስቼ አውቃለሁ? እሱ ይሞላል፣ እኔ እተኩሳለሁ፣ ቅሉ ይበተናል። «ልጄ፣ ጥይት በመንገዱ ይወድቃል፤ ስንዝር ከፍ አድርገህ አነጣጥር» አለኝ፤ እንዳለኝ አደርጋለሁ፤ እመታለሁ። እሱ ከሞተ ወዲህ የጥይት መሙያ ሣጥኑን ወደ ቤቴ ወሰድኩ። በዚያው ስፍር፣ በዚያው ባሩድ፣ በዚያው እጅ ነው የምሞላው። አልመታም።

የሺመቤት፦ ይኸው! ቅሉም እምቢ አለ ማለት ነው። ተወዋ።

ሰውአገኘሁ፦ ሌላም ነገር አለ። ብቻ እንዳትስቂብኝ። የአባቴ ጥይት ሲተኮስ አንድ ሽታ ነበረው፤ የተቆላ እህል የመሰለ ደስ የሚል ሽታ። «ጥሩ ጥይት እንዲህ ይሸታል፤ የበረከት ሽታ ነው» ይለኝ ነበር። እኔ ስሞላው ያ ሽታ የለም። ሰይጣን ሰይጣን ነው የሚሸተው።

የሺመቤት፦ አፍንጫህን ጉንፋን ይዞት ይሆናል።

ሰውአገኘሁ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ? አባቴ ለተኩሱ ቢመርቀኝም፣ አሞላሉን ሲያወርሰኝ ሳይመርቀኝ ነው የሄደው፣ እምዬ። ሣጥኑን እንድወስድ በእጁ አመለከተኝ እንጂ «እጅህን ይባርከው» አላለኝም። ይህንን ነው የማስበው። አንቺ እናትነሽን ብትመርቂያት የተቋረጠው ይቀጥላል ብዬ ነው።

የሺመቤት፦ እንዴት ያለ ነገር ነው የምታወራው? አባትህ እኮ ያን ጊዜ መናገርም አቅቶት ነበር። ምስር አትብላብኝ!

ሰውአገኘሁ፦ ጥሬውን ማን ይበላል፣ እየለቀምኩልሽ ነው። ለማንኛውም በባዶ እጄ አልተቀመጥኩም። መድኃኒቱን አግኝቻለሁ።

የሺመቤት፦ ምን መድኃኒት?

ሰውአገኘሁ፦ ካልመታ ምን ማለት ነው? ሳይደርስ ወድቋል ማለት ነው። ከቅሉ ኋላ ገደል ስለሆነ የት እንደሚወድቅ አይታይም እንጂ ነገሩ ግልጽ ነው። አምና ሁለት ስንዝር ከፍ አደረግሁ። ለጥምቀት አንድ ክንድ ከፍ አደረግሁ።

የሺመቤት፦ አንድ ክንድ! ወፍ ነው ወይስ ቅል የምትተኩሰው?

ሰውአገኘሁ፦ አልሆነም። ስለዚህ አሁን ከባሩዱ ጨመርኩበት። ኃይል ነው ያነሰው።

የሺመቤት፦ ምን አደረግህ?

ሰውአገኘሁ፦ ጨመርኩ። ስፍሩን ሞልቼ፣ ግማሽ ደግሜ፣ ጠቅጥቄ ወተፍኩት። ይኸውልሽ የእሑዱ፣ የእናትነሽ ጥይት።

የሺመቤት፦ ከኪስህ ነው የምታወጣው? ሰውዬ! ከኪስህ!

ሰውአገኘሁ፦ ከየት ላውጣው ታዲያ?

የሺመቤት፦ አስቀምጠው! ቀስ! አትወርውረው! እዚያ ፀሐይ ላይ አይደለም፣ ጥላው ላይ! ከምስሬ አርቀው! ወይኔ አምላኬ፣ ይኼን ይዘህ ነው ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊቴ ስትጎለት የነበርከው?

ሰውአገኘሁ፦ ገና ሩብ ሰዓቴ ነው። ጥይት ዝም ብሎ አይፈነዳም እኮ።

የሺመቤት፦ እሱንማ ለወንድሜ ለሽታው ንገረው።

ሰውአገኘሁ፦ አጎቴ ሽታው ምን አገናኘው? እሱን ጣቱን ማጭድ ነው የቆረጠው።

የሺመቤት፦ ማጭድ ነው የተባለው አባቴ እንዳይታማ ነው። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ በሁሉም ላይ ነበር። «ጠጅም ጥይትም አጉድዬ አልሰጥም» ብሎ ለሽታው የመጀመሪያ ጥይቱን እስከ አፉ ሞላለት። እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ፤ ቆሜ አያለሁ። ጠመንጃው ከመቀርቀሪያው ፈንድቶ የቀኝ እጁን ጣቶች ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲያ ሽታው እስኪሞት ድረስ በግራ እጁ ነው የጎረሰ። ሠርግ ቤት ማዕድ ሲቀርብ «ጠግቤያለሁ» እያለ ተርቦ ይነሣ ነበር፤ በግራ እጁ ከሰው ጋር መብላት እያፈረ።

ሰውአገኘሁ፦ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?

የሺመቤት፦ እየነገርኩህ ነው እኮ! አሁን ይህን ጥይት ፍታው። ለእናትነሽ እጅ አይደርስም።

ሰውአገኘሁ፦ እምዬ፣ ያ ሌላ ጠመንጃ ነው፣ ሌላ ሰው የሞላው። የኛን ውጅግራ አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ ስፍሩን አፍ እስካፉ እየሞላ ተኮሰበት። ምን ሆነ? አንዲት ብሎን አልላላችም።

የሺመቤት፦ አልሞላም።

ሰውአገኘሁ፦ ምን?

የሺመቤት፦ ምስሩ ድንጋይ በዛበት ዘንድሮ።

ሰውአገኘሁ፦ እምዬ። አባቴ አልሞላም ነው ያልሽው?

የሺመቤት፦ አባትህማ ይሞላል። አባትህ ምን በወጣው! ባሩዱን ቅዳሜ ይሰፍርና ቀለሃዎቹን አፋቸውን ሳይወትፍ መደርደሪያው ላይ ያቆማቸዋል። «ባሩድ አርፎ ሲያድር ነው የሚስማማ» ይል ነበር። እሑድ ቅዳሴ ሄዶ ሲመለስ ነው እርሳሱን የሚገጥመው።

ሰውአገኘሁ፦ እሱን አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

የሺመቤት፦ እሱ ቅዳሴ ሲሄድ እኔ «ቁርስ ልሥራ» ብዬ እቀር ነበር።

ሰውአገኘሁ፦ እና?

የሺመቤት፦ ቁርስ እሠራለሁ።

ሰውአገኘሁ፦ እምዬ!

የሺመቤት፦ ኧረ አትጩህብኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ! ከእያንዳንዱ ቀለሃ ላይ ላይዋን ቆንጠር አድርጌ አወጣለሁ። ትንሽ ነው። እንደ ጨው።

ሰውአገኘሁ፦ አባቴ እንዴት አላየም? ባሩዱ ጎድሎ አይታይም?

የሺመቤት፦ በቦታው ሌላ እጨምርበታለሁ።

ሰውአገኘሁ፦ ምን?

የሺመቤት፦ ኑግ።

ሰውአገኘሁ፦ ኑግ?

የሺመቤት፦ ጥቁር ነው። ደቃቅ ነው። ያብረቀርቃል። ማን ይለየዋል? አባትህ እንደሆነ ዓይኑ ሩቁን እንጂ ቅርቡን አያይም ነበር፤ ከማዶ ያለ ሰው ይለያል፣ ወጡ ውስጥ ያለ ዝንብ አይለይም።

ሰውአገኘሁ፦ ቆይ። ቆይ እስቲ። ያ ሽታ…

የሺመቤት፦ አዎ።

ሰውአገኘሁ፦ የበረከቱ ሽታ…

የሺመቤት፦ የተቆላ ኑግ ነው ልጄ። ምን ልበልህ።

ሰውአገኘሁ፦ አባቴ እኮ ለቄሱ ሁሉ ነግሯቸው ነበር!

የሺመቤት፦ ቄሱም መጥተው አሽትተዋል። «ይበል ነው» አሉ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ፤ የሆዴን እግዜር ያውቃል።

ሰውአገኘሁ፦ ስንዝሩስ? «ስንዝር ከፍ አድርገህ አነጣጥር» የሚለውስ?

የሺመቤት፦ እሱ እንኳ እኔ ያልኩት አይደለም። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ጥይቱ አቅም አጣና ከቅሉ ሥር አፈር መታ። አባትህ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በዓመቱ በራሱ ስንዝር ከፍ አድርጎ አነጣጠረ፤ መታ። ከዚያ «ብልሃቱን አገኘሁት» ብሎ አገር አስተማረ።

ሰውአገኘሁ፦ ያን ጊዜ ለምን አልተውሽውም?

የሺመቤት፦ እንዴት ልተወው? ስንዝሯን ከለመዳት በኋላ ኑጉን ብተው ጥይቱ ከቅሉ በላይ ሊሄድበት ነዋ! ጨንቆኝ እኮ ነው አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የቆነጠርኩት። ኑግ ውርጭ የመታው ዓመትማ ከሦስት ቤት ለምኜ ነው ያገኘሁ። «ለምንሽ ነው?» ሲሉኝ «ለሆድ ቁርጠት» እላለሁ። ሆዴም እውነት ይቆርጠኝ ነበር።

ሰውአገኘሁ፦ ስለዚህ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ…

የሺመቤት፦ ሙሉ ባሩድ ታጎርሰዋለህ፣ በዚያ ላይ ስንዝር ትጨምራለህ። አምና የሾላው ጫፍ ሲወድቅ «ዝንጀሮ ሰበረው» ተባባላችሁ። ዝንጀሮ አንተ ስትተኩስ ጠብቆ ነው ቅርንጫፍ የሚሰብረው?

ሰውአገኘሁ፦ ሾላው እኮ ከቅሉ በላይ ነው!

የሺመቤት፦ ነውና! እኔ እዚያው ቆሜ አይቼዋለሁ። አንተ ደግሞ ወደቀ ብለህ ክንድ ትጨምራለህ።

ሰውአገኘሁ፦ ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ አሉ። ያለ ጥፋቴ አገር ወቀጠኝ።

የሺመቤት፦ ከኑግ ጋር ብትገኝማ መች ትወቀጥ ነበር? የተወቀጥከው ኑጉ ስለቀረብህ ነው።

ሰውአገኘሁ፦ አይ እምዬ! እያየሽ ዝም አልሽኝ?

የሺመቤት፦ ተስፋ ነበረኛ! «ሲስት፣ ሲስት፣ ይሰለቸውና ይተወዋል፤ ጠመንጃውም ዝጎ ያርፋል» አልኩ። አንተ ግን ግትርነቱን ከአባትህ ሳትቀንስ ወሰድክ። ሰው ሲስት ቆም ብሎ ያስባል፤ አንተ ባሩድ ትጨምራለህ። አሁን ምን ሆንክ? ትስቃለህ ወይስ ታለቅሳለህ?

ሰውአገኘሁ፦ እኔም አላወቅሁም።

የሺመቤት፦ ቀና በል እስቲ።

ሰውአገኘሁ፦ ባለፈው ሙት ዓመቱን ስናወጣ፣ ሰው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ መቃብሩ ላይ ቀርቼ ነበር። ይቅርታ ጠየቅሁት።

የሺመቤት፦ ምን አድርገህ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው?

ሰውአገኘሁ፦ እኔ ምን አውቃለሁ! ያላወቅሁትን ጥፋት ነዋ። ምን ባስቀይመው ነው እጄን የያዘው ብዬ። የልጅነቴን ሁሉ ቆጠርኩለት፤ በግ ያስበላሁትን፣ ጠጅ የሰረቅሁትን።

የሺመቤት፦ ወይ ልጄን! እኔ ልደፋልህ! አንተ የዋህ፣ አባትህ እኮ ያንተን ስም ሲጠራ አፉን ይጣፍጠው ነበር። ምን ቂም ይይዝብሃል? የያዘህ እኔ ነኝ፣ የኔ ፍርሃት። እኔን ይቅር በለኝ።

ሰውአገኘሁ፦ ተይ እንጂ፣ እናት ልጇን ይቅርታ ትጠይቃለች?

የሺመቤት፦ ስታጠፋ ትጠይቃለች። እኔ እኮ ክፉ አስቤ አይደለም። ሁለት ወንድ ነበረኝ፤ አንተና እሱ። አሥር አሥር ጣታችሁን ይዛችሁ እንድትገቡልኝ ነው። «ፈሪ ለናቱ» ይላሉ፤ እናንተ ደፋር ስለሆናችሁ ፈሪነቱን እኔ ራሴ ያዝኩት።

ሰውአገኘሁ፦ ይዘሽው ኖረሻል። አሥሩም አለኝ፣ ይኸው።

የሺመቤት፦ እጅህን አታራግብብኝ፤ ያን ጥይት ሳይፈታ ልቤ አይመለስም። ውታፉን ንቀለው። ወደዚያ ዞር በል፣ ከማድቤት ራቅ። ጭሱ እንኳ ደስ አይለኝም። በዚህ ወረቀት ላይ አፍስሰው።

ሰውአገኘሁ፦ ይኸው። ወጣ።

የሺመቤት፦ እንዴ! ይህ ሁሉ? ይህ እኮ የሠርግ ድግስ ነው! ስንት ሰው ልትጠራበት ነበር?

ሰውአገኘሁ፦ እውነትም በዝቷል መሰለኝ።

የሺመቤት፦ መሰለኝ ይላል! ልጅህ ጉንጯን አስደግፋበት ልትተኩስ የነበረው ይህ ነው። ውሃ ስጠኝ።

ሰውአገኘሁ፦ እንቺ። ቀስ ብለሽ ጠጪ። እምዬ፣ እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ለእናትነሽ የማወርሳት ሁለት ነገር ነበረኝ፤ ስንዝሩና ሽታው። ሌላ የማውቀው የለም። ሁለቱም ኑግ ሆነው ቀሩ። እሑድ ስትጠይቀኝ ምን ልበላት? ባዶዬን ነኝ እኮ።

የሺመቤት፦ በቃ ይቅርባት በላት።

ሰውአገኘሁ፦ ካልኳት አታርፍም። ታውቂያታለሽ፤ ይቅርብሽ ያልናትን ነገር ተደብቃ ነው የምትሠራው። አሁን ባሩዱ የት እንዳለ ታውቃለች፣ አሞላሉንም ከእኔ አይታለች። ያየችው ደግሞ ይህንን ነው፤ ይህን ወረቀት ላይ ያለውን። ዝም ብንላት የምትሰፍረው ይህን ያህል ነው።

የሺመቤት፦ አታሟርት!

ሰውአገኘሁ፦ አላሟረትኩም፤ ልጄን ስለማውቃት ነው። ስለዚህ አንድ የሚያውቅ ሰው ያስተምራት። በዚህ ቤት አርባ አንድ ዓመት ጠመንጃው ሳይፈነዳ ጥይት የሰጠ ሰው ማን ነው?

የሺመቤት፦ አባትህ።

ሰውአገኘሁ፦ እምዬ።

የሺመቤት፦ ምነው እንዲህ ታየኛለህ? እኔ? ጭራሽ እኔ! አብደሃል? ምርቃቱን እምቢ ስላልኩህ መምህር ልታደርገኝ? እኔ ባሩድ ስነካ እጄ ይንቀጠቀጣል!

ሰውአገኘሁ፦ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይደል ያወጣን? አባቴም እኔም አልተንቀጠቀጥንም፤ ያየሽውን ነው ያደረግነው።

የሺመቤት፦ እኔ መሙላት አላውቅም አልኩህ። ቀለሃ ሞልቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው መቀነስ ብቻ ነው!

ሰውአገኘሁ፦ መሙላትማ ማንም ይሞላል። መቀነሱን አስተምሪልኝ።

የሺመቤት፦ ያን ወረቀት ወዲህ በለው።

ሰውአገኘሁ፦ እምዬ?

የሺመቤት፦ ኑግ የለም። ስንዝር የለም። የጎደለውን ቦታ ውታፍ ይሞላዋል፤ ልጅቷም ቅሉን ነው የምታነጣጥረው፣ ሰማዩን አይደለም። ስፍሩን የምለካው እኔ ነኝ። ካልጣመኝ እሑድ የሚባል ነገር የለም፤ ለከርሞ ይቆያል።

ሰውአገኘሁ፦ ይቆያል።

የሺመቤት፦ አንተ ደግሞ አፍህን ዘግተህ እዚያ ማዶ ትቀመጣለህ። «ጨምሪበት» የሚል ድምፅ እንዳልሰማ።

ሰውአገኘሁ፦ ምስሩን እለቅማለሁ።

የሺመቤት፦ በል እንግዲህ ጥራት። እጇን ታጥባ፣ በደንብ አድርቃ ትምጣ፤ ባሩድ እርጥብ እጅ አይወድም።